ደሴ ያለውን ቤቴን ሸጬ ኮምቦልቻ ልግዛ? ገበያው ቀዝቅዟል፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቧንቧ ውሃው

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቤት አለን። ነባር ይዞታ ነው (ከሊዝ በፊት የተያዘ ቦታ)፣ ካርታው በእኔና በባለቤቴ ስም ነው። ዋናው ቤት ብሎኬት ሆኖ ከኋላ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለው። የሁለታችንም ሥራ ኮምቦልቻ ነው። በየቀኑ በመሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት መውጣትና መውረድ አድክሞናል። የትራንስፖርቱ ወጪ አለ፣ የመንገዱ ሐሳብም አለ። ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር እኛ እዚያ እንቀራለን፣ ልጆቹ እዚህ ከእናቴ ጋር ናቸው፣ ስልክ እየደወሉ ማደር ነው። ስለዚህ የደሴውን ሸጠን ኮምቦልቻ አነስ ያለ ቤት ለመግዛት አስበናል።

ችግሩ ገዢ የለም። ለሽያጭ ያወጣነው መስከረም ላይ ነው። ደላሎች ሰው ያመጣሉ፣ ሰውየው አይቶ "እደውላለሁ" ብሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ዝም። እኛ የጠራነው ጎረቤታችን በ2015 የሸጠበትን ዋጋ ነው። ብሩ እንዲህ ከወረደ በኋላ ያንን ዋጋ መጥራት ለእኔ ርካሽ ነው። ደላላው ግን "ቀንስ፣ ቀንስ" ይለኛል።

አሁን አንድ ሰው መጣ። ዋጋውን ሳይከራከር ተቀበለ። ግን ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከዓመት በኋላ ነው የምከፍለው፣ እስከዚያ ውክልና ስጠኝና ቤቱን ልረከብ ይላል። ደላላው "እንዲህ ያለ ገዢ አሁን አታገኝም" እያለ ይወተውተኛል።

ዋጋ ልቀንስ? ይህን ሰው ልቀበል? ወይስ አከራይቼ ልጠብቅ? ኮምቦልቻ ስገዛስ ምን ምን ልይ? ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሐረጎ ማዶ

አብሽር ወንድሜ፣ አንተ ብቻ አይደለህም። ደሴ ውስጥ የሚሸጥ ቤት በየሰፈሩ አለ፣ የጠፋው የሚከፍል ሰው ነው።

ስለ ዋጋው በግልጽ ልንገርህ። የ2015ን ዋጋ እርሳው። ያኔ ቤት የሚገዛው ማን ነበር? ነጋዴው ነበር፣ አረብ አገር ያሉ ልጆች ገንዘብ የሚልኩለት ቤተሰብ ነበር፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚገዛም ነበር። ነጋዴው የሚንቀሳቀሰው በባንክ ብድር ነው። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። በ2017 ወደ 18 ከፍ አደረገው፣ ነገር ግን ብድር እንደ ድሮው አልሆነም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ክልላችን ውስጥ ግጭቱ ተነሳ። ከሌላ ከተማ መጥቶ ደሴ ቤት የሚገዛው ሰው መንገዱን ፈርቶ ቀረ። ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ "ነገ ምን ይሆናል" እያለ ይዞ ተቀምጧል። በ2014 ጥቅምት በጦርነቱ ከተማዋን ጥሎ የወጣ ሰው ይህን አይረሳም። ጎረቤትህ የሸጠው ሌላ ገበያ ላይ ነው።

ብሩ ወረደ ስላልከው ደግሞ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። እውነት ነው፣ ብረቱም ሲሚንቶውም ቆርቆሮውም ተወደደ። የገዢው ደሞዝ ግን በዚያ ልክ አልጨመረም። ዋጋ ማለት ገዢው አውጥቶ የሚከፍለው ነው፣ አንተ ያጣኸው አይደለም።

ግን ከዚያ ነገር ውስጥ ለአንተ የሚጠቅም አንድ ክርክር አለ፣ ብዙ ሻጭ አይጠቀምበትም። ያለቀ ቤት ነው የምትሸጠው። ገዢው ሌላው ምርጫው ጅምር ገዝቶ መጨረስ ነው። ስለዚህ አንድ የሚታመን የግንባታ ባለሙያ አምጣና የአንተ ቤት ዛሬ ከዜሮ ቢሠራ ስንት እንደሚፈጅ በወረቀት ያውጣልህ። ብሎኬቱ፣ ብረቱ፣ ጣሪያው፣ የእጅ ዋጋው። ገዢ ሲመጣ ያንን አሳየው። "ጎረቤቴ በዚህ ሸጧል" ከምትለው በላይ ይሠራል። ለቦታው የምትጠራውን ዋጋ ግን ቀንስ፣ የቀዘቀዘው በዋናነት እሱ ነው።

እውነተኛውን ዋጋ ለማወቅ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠውን ጠይቅ። በዚህ ዓመት ስም የተዛወረባቸውን ቤቶች ፈልግ። ዘመድህን እንደ ገዢ ላከውና ለእንዲህ ዓይነት ቤት ደላሎች ምን እንደሚጠሩለት ይስማ። የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያዎችንም አንብብ፣ በኩር ጋዜጣ ላይም ይወጣሉ። ባንኮች በአዋጅ 97/1990 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መያዣውን በሐራጅ ይሸጣሉ፣ ማስታወቂያው ላይ የካሬው ስፋትና የመነሻ ዋጋው ይጻፋል። መነሻ ዋጋ የመጨረሻ ዋጋ አይደለም፣ ግን ገበያው የት ደረጃ ላይ እንዳለ ያሳይሃል።

አሁን ዋናው ነገር። አንተ ሻጭ ብቻ አይደለህም፣ ገዢም ነህ። ለምሳሌ ያህል ብቻ ነው፣ የደሴው 6 ሚሊዮን፣ የኮምቦልቻው 4 ሚሊዮን ተኩል ቢጠራ ልዩነቱ 1 ሚሊዮን ተኩል ነው። የደሴውን በ5 ሚሊዮን 200 ሺህ ሸጠህ የኮምቦልቻውን በ3 ሚሊዮን 700 ሺህ ብትገዛ ልዩነቱ ያው ነው። የምታጣው ነገር የለም። ስለዚህ "ስንት አወረድኩ" እያልክ አትብሰልሰል፣ በሁለቱ መሀል የሚተርፈውን ብቻ ቁጠር። ግን ይህ የሚሠራው ኮምቦልቻም ገበያው እንደ ደሴ ከቀዘቀዘ ነው። ዋጋህን ከመቀነስህ በፊት እዚያ ሄደህ ጠንክረህ ተደራደር፣ ስንት እንደሚወርዱልህ እይ። እነሱ ካልወረዱ አንተም የምትወርድበት ምክንያት የለም፣ ቁጭ በል።

ከወሰንክ ደግሞ አንዴ ቀንስ፣ በደንብ ቀንስ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚቀንስ ሻጭ ገዢውን ጠብቅ እያለው ነው። ሦስት አራት ደላላ የተለያየ ዋጋ ሲጠራበት የከረመ ቤት ላይም ሰው "ምን ነካው ይሄ ቤት" ማለት ይጀምራል። አንድ ዋጋ ይኑርህ፣ ለሁሉም አንድ አድርገህ ተናገር።

የሕግ ሰው ከሆጤ

እኔ ዋጋው ላይ አልገባም፣ ከላይ ያለው ወንድማችን ጥሩ ብሏል። ያ ውክልና የተባለው ነገር ላይ ግን ቁም።

ግማሽ ገንዘብ ተቀብለህ ቤት የመሸጥ ሥልጣን ያለው ውክልና ለገዢ ከሰጠህ ሰውየው ነገ በአንተ ስም ለሦስተኛ ሰው ሊሸጠው ይችላል። ሦስተኛው ሰው በቅን ልቦና ገዝቶ ስሙን ካዛወረ በኋላ ለአንተ የሚቀርህ ክስ ነው፣ በክስ ደግሞ ኮምቦልቻ ቤት አይገዛም። ለገዢውም ቢሆን ውክልና ዋስትና አይደለም። ወካዩ ከሞተ ውክልናው ያበቃል፣ ወራሾች ይመጣሉ፣ ሰላም የነበረ ነገር የዓመታት ክርክር ይሆናል። እዚህ ከተማ ስንት ቤተሰብ በዚህ ተጣልቶ አየሁ፣ ስለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ሌላው፣ ከዓመት በኋላ የምትቀበለው ግማሽ የዛሬው ግማሽ አይደለም። ዋጋህን ሳይከራከር የተቀበለው ለምን ይመስልሃል? ከአንተ የገዛው ጊዜን ነው።

ሰውየው ቁም ነገረኛ ከሆነ መንገድ አለ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም፣ ቢያንስ ሁለት ምስክር ይኑር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይላል፣ መንደር ውስጥ ሽማግሌ ፊት ተጽፎ የሚቀመጥ ወረቀት ላይ አትተኛ። ክፍያው በባንክ ወይም በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ይሁን። ስም የሚዛወረው ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ሲገባ ነው። በሁለት ጊዜ መክፈል ከፈለገ የመጀመሪያው ክፍያ ከፍ ይበል፣ ጊዜው በወራት ይጠር፣ ቤቱን አንተ ይዘህ ቆይ፣ ቢያዘገይ ምን እንደሚከፍል በቁጥር ይጻፍ። ለቀሪው የባንክ ዋስትና ካመጣ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ይህን ሁሉ ሰምቶ ከጠፋ ገዢ አልነበረም።

ቀብድን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በውሉ ላይ ሌላ ስምምነት ካልተጻፈ በስተቀር በቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ዛሬ ከአንዱ ቀብድ ተቀብለህ ነገ የተሻለ ገዢ መጣ ብለህ መመለስ ዋጋ ያስከፍልሃል። ኮምቦልቻ ላይ ቀብድ ስትከፍልም እንዲሁ፣ የደሴው ሽያጭ ቢዘገይብህ ገንዘብህ ይሄዳል። ሁለቱ ቀጠሮዎች እንዲገናኙ አድርግ። የኮምቦልቻው ሻጭ ከፈቀደ "የደሴው ቤት እስከዚህ ቀን ካልተሸጠ ቀብዱ ይመለሳል" የሚል አንቀጽ አስገባ። በዚህ ገበያ ብዙ ሻጭ ይፈቅዳል፣ እሱም ገዢ አጥቷልና።

ቤትህ ነባር ይዞታ ነው ብለሃል። በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ በውርስ ካልሆነ በቀር በሽያጭ ሲተላለፍ ቦታው ለገዢው ወደ ሊዝ ይገባል፣ ማለትም ለቦታው ለመንግሥት የሚከፍልበት ይዞታ ይሆናል። ገዢ መጥቶ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ተስማምቶ ማዘጋጃ ሲሄድ ያላሰበው ክፍያ ይጠብቀዋል፣ ያኔ ወይ ዋጋ ቀንስ ይላል ወይ ይተዋል። አንተ ቀድመህ ማዘጋጃ ሂድና በሰፈርህ ስንት እንደሚመጣ ጠይቀህ ለገዢው ንገረው። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ አለ፣ የስም ማዛወሪያ ክፍያም አለ፣ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። ከሽያጩ ባገኘኸው ጥቅም ላይ በአዋጅ 979/2008 የተጣለው ግብር 15 በመቶ ነው፣ ራስህ የኖርክበት መኖሪያ ግን ነፃ የሚሆንበት ሁኔታ ስላለ ገቢዎች ሄደህ የአንተን ጉዳይ አስረዳ። ይህን ሁሉ ዋጋ ከመቁረጥህ በፊት እወቅ፣ በኋላ አይደለም።

ባለቤትህም አብራ ትፈርማለች። እሷ ያልፈረመችበት ሽያጭ ለገዢው ስጋት ነው። ግብሩ የተከፈለበትን ደረሰኝ፣ ካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ ከዕዳና ዕገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳየውን ማስረጃ በአንድ ፋይል አዘጋጅ። ሰርቪሱ ያለፈቃድ የተሠራ ከሆነም አሁን ተናገር፣ አትደብቅ። በ2014 ከቤት ስትወጡ የጠፋ ወረቀት ካለ ደግሞ ምትኩን አሁን አውጣ፣ ገዢ ቆሞ እየጠበቀህ አይደለም የሚወጣው።

የጢጣ እመቤት

እኔ ገዢ ሆኜ ያለፍኩበትን ልንገርህ ወንድም ዓለም። በዚህ ዓመት ነው ደሴ ውስጥ የገዛሁት። ብዙ ቤት አየሁ። ከአብዛኛው ያባረረኝ ዋጋው አልነበረም።

አንዱ ቤት ደላላው አንድ ዋጋ ነገረኝ፣ ሻጩ ሌላ ጠራ፣ ልዩነቱን ማን እንደሚወስደው አልገባኝም፣ ወጣሁ። አንዱ ጋ ካርታውን አሳዩኝ ስል "ወንድሜ ጋ ነው፣ እሱ ጅዳ ነው" አሉኝ። አንዱ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከታች በኩል እጄን ሳሳርፍበት እርጥብ ነበር። እርጥቡን ብቻ ቢነግሩኝ ኖሮ ዋጋ አስቀንሼ እገዛው ነበር፣ ወላሂ። የተደበቀ ነገር ሳገኝ ግን "ሌላስ ምን ደበቁ" ብዬ ሄድኩ። አንተም ቤትህ ላይ ያለውን ጉድለት ራስህ ቀድመህ ተናገር። ሰው ከሐቀኛ ሻጭ ጋር መከራከር ይወዳል።

ለማየት የሚመጣን ሰው በቀን ተቀበል፣ መብራት ጠፍቶ ቤቱ ጨለማ በሆነበት ሰዓት አይደለም። ሮቶው ውሃ ይኑረው። ቧንቧው በስንት ቀን እንደሚመጣ በትክክል ንገረው፣ ለማንኛውም ጎረቤት ይነግረዋል።

ወረቀትህ ንጹህ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። እኔ ግማሹን የከፈልኩት ከወለድ ነፃ ባንክ በሙራባሃ ነው፣ ባንኩ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ለእኔ በክፍያ ይሸጥልኛል። ባንክ ደግሞ ካርታው ላይ ቅንጣት ጥያቄ ካለ አይነካውም። እንዲህ ያለ ገዢ ጥቂት ነው፣ ግን ሲመጣ ገንዘቡ የተዘጋጀ ነው። ማስታወቂያህ ላይ "ወረቀቱ የተሟላ፣ ለባንክ የሚሆን" ብለህ ጻፍ።

ኮምቦልቻ ስትገዛ ምን ልይ ላልከው። በክረምት እይ፣ ካልሆነም ጎረቤቱን ስለ ክረምቱ ጠይቅ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ስለሆነች የምንፈራው መሬት መንሸራተት ነው፣ የድጋፍ ግንቡን፣ የግድግዳ ስንጥቁን፣ ዘንበል ያለ አጥር እናያለን። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፣ እዚያ የምትፈራው ውሃ ነው። ቦርከና ወንዝ ዳር የሚሸጥ ቤት ረከሰ ብለህ አትቸኩል። የግቢው ወለል ከመንገዱ ዝቅ ያለ መሆኑን፣ የጎርፍ መውረጃው ወዴት እንደሚሄድ እይ። ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ቤት ከሆነ ወለሉና የግድግዳው ማዕዘን ይሰነጠቃል፣ ሰንጥቆ በሲሚንቶ የተሞላ ቦታ ፈልግ። ፋብሪካዎቹ አጠገብ ከሆነ ማታ ሂድ፣ ድምፁንና ሽታውን ራስህ ስማ። የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበት ወንዝ አጠገብ ልጅ ይዞ መኖር ጥሩ አይደለም። ከደሴ ዝቅ ያለ አገር ስለሆነ ወባም አለ፣ የመስኮቱን ወንፊት አትርሳ።

ከከተማው ዳር "ከገበሬ የተገዛ፣ ካርታው በሂደት ላይ ያለ" የሚሉህን ደግሞ አትንካ። ጎረቤቴ ልጆቿ አረብ አገር ለፍተው የላኩትን ሁሉ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አፈሰሰችው፣ አሁን ቦታውም ገንዘቡም የለም። ስትናገረው ሆዴ ይባባል።

የሕግ ሰው ከሆጤ

@የጢጣ እመቤት፣ አላህ ይስጥሽ፣ ያንን ስላነሳሽው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ነው ይላል። የእርሻ መሬት ገዛሁ ብሎ የተፈራረመ ሰው ፍርድ ቤት ሲሄድ ውሉ ፈራሽ ነው ይባላል። መሬቱ ላይ ቤት ሠርቶ ቢሆን እንኳ ጨረቃ ቤት (ሕገወጥ ግንባታ) ነው፣ ሲፈርስ ካሳ አይጠብቅ።

ባዶ ቦታ ወይም ጅምር በሊዝ የሚሸጥልህ ካለም ተጠንቀቅ። ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሊዝ መብት ሲተላለፍ አዋጁ ሻጩ የሚያገኘውን ይገድበዋል። የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከሊዝ ማስተላለፊያ ዋጋው ላይ 5 በመቶ ያገኛል፣ የቀረው የከተማው ነው። ብዙ ሰው ይህን ለማለፍ ብሎ ውክልና ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለውን ከላይ ተናግሬያለሁ።

የአራዳው

ሁላችሁም ሽጥ ሽጥ አላችሁት፣ እኔ በዚህ አልስማማም።

ቤቱን ማን አስገደደህ አሁን እንድትሸጥ? ዕዳ የለብህም፣ ባንክ አላስጨነቀህም። ችግርህ መንገዱ ነው። የደሴውን አከራይተህ በዚያ ገንዘብ ኮምቦልቻ ተከራይ። የሚጎድለውን ትንሽ ጨምር፣ የትራንስፖርት ወጪህ ይሸፍነዋል። አንድ ክረምት ኮምቦልቻ ስትኖር የትኛው ሰፈር ውሃ እንደሚገባው፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሻል በዓይንህ ታያለህ። ያኔ ስትገዛ አትሳሳትም። ገበያው ሲሻሻል ትሸጣለህ። በችኮላ የተሸጠ ቤት በዚህ አገር አይመለስም።

እናትህ ደግሞ ደሴ ናቸው ብለሃል። ከጎረቤታቸው፣ ከዕድራቸው ነቅለህ ትወስዳቸዋለህ ወይ? ይህን በደንብ አስብበት። ሰርቪሱን ለእሳቸው ትተህ ዋናውን ቤት ማከራየትም ይቻላል።

ሐረጎ ማዶ

የአራዳው ያልከው ስሜት ይሰጣል፣ በተለይ የእናቱ ነገር። ግን "ገበያው ሲሻሻል" መቼ ነው? ቀን ያለው ሰው የለም። ደግሞ የኮምቦልቻው ቤት ዋጋ ያኔ አብሮ ይወጣል። የደሴው ቤት ትልቁ ነው፣ የኮምቦልቻው ትንሹ ነው፣ ስለዚህ ገበያው ሲወጣ እሱ ይጠቀማል፣ ይህን እቀበላለሁ። ትንሽ ሸጦ ትልቅ የሚገዛ ሰው ቢሆን ኖሮ ግን አሁኑኑ ግባ ነበር የምለው።

ማከራየት ከመረጠ አንድ ነገር ይወቅ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 በሚሠራበት ከተማ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ኪራዩም በፈለግህ ጊዜ አይጨመርም። መሀል ላይ ገዢ ቢመጣ ተከራይ ያለበት ቤት ነው የምትሸጠው፣ ለራሱ ሊኖርበት የሚፈልግ ገዢ ደግሞ ያንን አይወድም። ለሁለት ዓመት ልሽጥ አልፈልግም ካልክ አከራይ። ዘንድሮ መሸጥ ከፈለግህ ግን ዋናውን ቤት ባዶ አድርገው።

የቧንቧ ውሃው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ አላህ ይስጥልኝ እህቴ። ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አነበብነው። የእናቴን ነገር ጠየቅናት፣ "እኔ ልጆቹ ባሉበት ነኝ፣ ዕድሩን ኮምቦልቻም እገባለሁ" አለች። ስለዚህ መሸጡ ላይ ጸንተናል። ኮምቦልቻ ሄጄ ሁለት ቤት ጠይቄ አንዱ ሻጭ ካሰብኩት በላይ ወረደልኝ።

ውክልናውን እንደማልሰጥ ለሰውየው ነገርኩት። አልጠፋም፣ እንደውም ሌላ ሐሳብ አመጣ። በአንድ ጊዜ እከፍላለሁ አለ፣ ዋጋውን ግን በጣም አስቀነሰኝ፣ ከኮምቦልቻው ጋር ሳሰላው ያዋጣል። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፦ ውሉ ላይ ከተስማማነው ዋጋ ዝቅ አድርገን እንጻፍ፣ ቀረጡም ግብሩም ይቀንሳል፣ ቀሪውን በእጅ እሰጥሃለሁ ይላል። ደላላው "ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው" ይለኛል። ይሻላል እንዴ?

የሕግ ሰው ከሆጤ

አይሻልም። ውሉ በሆነ ምክንያት ቢፈርስ ማስረጃ የምታደርገው የተጻፈውን ዋጋ ነው። በእጅ የተቀበልከውን እሱ አልሰጠሁም ቢል፣ ወይ አንተ ያልተቀበልከውን ተቀብለሃል ቢልህ፣ ማን ይመሰክራል? ለግብሩም ቢሆን መሥሪያ ቤቱ የራሱን ግምት ማውጣት ይችላል፣ የተጻፈውን ብቻ አይቶ አይለቅህም። የሐሰት ዋጋ መጻፍ ደግሞ በራሱ ያስጠይቃል። አንተ የኖርክበት ቤት ስለሆነ ከግብሩ ነፃ ልትሆን ትችላለህ ብዬሃለሁ፣ ለማይመጣብህ ግብር ብለህ ራስህን አደጋ ላይ አትጣል። በዝቅተኛ ዋጋ መጻፉ የሚጠቅመው እሱን ነው፣ ቀረጡን የሚከፍለው እሱ ከሆነ።

እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ በለው። ቀረጡ ከከበደው ግማሹን አንተ ያዝለት፣ ከሚያመጣብህ ጣጣ ይረክሳል። ገንዘቡን በሲፒኦ በአንተና በባለቤትህ ስም አሠርቶ ውልና ማስረጃ ይምጣ። ባንኩ ሲፒኦውን ማውጣቱን ደውለህ ሳታረጋግጥ አትፈርም። የኮምቦልቻውን ሻጭ በዚያው ሳምንት ቅጠረው፣ ብሩ ሒሳብህ ውስጥ ብዙ ሳይቀመጥ ወደዚያ ይሂድ።

የጢጣ እመቤት

ቁልፉን ስታስረክብም የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ ንባብ ፎቶ አንሳ፣ እስከዚያ ቀን ያለውን ከፍለህ ደረሰኙን ስጠው። የኮምቦልቻውም ሻጭ እንዲሁ ያድርግልህ። እኔ ስገዛ ቆጣሪው ላይ የተጠራቀመ ዕዳ ነበር፣ ሻጩ ስልክ አላነሳ ብሎ ከኪሴ ነው የከፈልኩት።